ዋስ የሚጠይቀው ዘበኛ

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ከጣሊያን የቀረ ካፖርቱን በጋ ከክረምት እስከ አገጩ ይቆልፋል። የጣቶቹ ጫፍ ዘወትር በጠመኔ የነጣ ነው፤ ማታ ማታ በባዶው ክፍል ፊደል እንደሚለማመድ የሚያውቅ ግን የለም።

በዚያ የአንበጣ ዓመት፣ ማሳው የተበላበት በላቸው ልጁን እናኑን ከትምህርት አውጥቶ አራዳ ከባለጸጋ ቤት ለገረድነት ሊያስገባት ከአዘዞ መጣ።

«ዋስ ጥራ» አለው ዘበኛው።

«ለገዛ ልጄ?»

«ልጅነቷ ያንተ ነው፤ ተማሪነቷ የመንግሥት ነው። ዋስ እስክታገኝ አንተው በቦታዋ ተቀመጥ።»

በላቸው ዋስ መጥራት አልደፈረም፤ ማሳው ለተበላ ሰው ማን ይዋሳል? እናኑን በሩ ላይ ትቶ ጋቢውን ሰብስቦ ገባ፤ ጉልበቱ ጆሮው ድረስ ተሰቅሎ ከሕፃናቱ መሐል ተቀመጠ።

«ስምንት ጊዜ ሰባት?» አለው መምህሩ።

«የምን? የበግ ነው የፍየል?»

ክፍሉ በሣቅ ፈረሰ። መምህሩም እንደ ማንኛውም ሰነፍ ተማሪ በአንድ እግሩ አቆመው።

ደወል ሲደወል በላቸው ላቡን እየጠረገ እያነከሰ ወጣ።

«አያ፣ እሷን ወደ ክፍሏ መልሳት» አለው ዘበኛውን። «ገረድነቱን እኔው እገባለሁ። ውሃ መቅዳት ሳይሻል አይቀርም።»