ቡዳ ያጠኑት ጋሼ መርሻ

ልጅ ሳለሁ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በነበረው አፓርትማችን፣ ወላጆቻችን ከሥራ እስኪመለሱ የምንቆየው ምድር ቤት ከሚኖሩት ከጋሼ መርሻ ዘንድ ነበር። ጋሼ መርሻ በንጉሡ ዘመን በእስያ ኤምባሲዎች ያገለገሉ ዲፕሎማት ናቸው፤ መንግሥት ሲለወጥ አገር ቤት መመለሱን ትተው፣ እዚያ ሳሉ የጀመሩትን የቡድሃን ሃይማኖት ጥናት ይዘው እዚህ አሜሪካ ቀሩ። ያኔ የኪራይ ውላችን የሚከለክለውን ከሰል በረንዳቸው ላይ አያይዘው በቆሎ እየጠበሱልን፣ ፍሙ ፊታቸውን እያቀላው፣ ቤተ መንግሥቱን ጥሎ ስለ መነነ የንጉሥ ልጅ ያወጉን ነበር። ልዑሉ የተኛ ልጁን ትቶ ሲወጣ እኔ ሁልጊዜ አለቅስ ነበር።

«ለምን ልጁን ስሞ አይሄድም?»

«ቢስመውማ ይቀር ነበራ።»

አንድ ቀን አብሮን የሚውለው ቢኒ አተኮሰው። እናቱ ሶስና ጋሼ መርሻ ዘንድ ምን ስትሠሩ ዋላችሁ ብትለው፣ እዚህ ተወልዶ ያደገው ቢኒ በእንግሊዝኛ አፉ «እሳቸው ቡዳ ስተዲ ያደርጋሉ» አላት።

ይህች ሴት ነርስ ናት። ቀኑን ሙሉ የሰው ትኩሳት ስትለካ ትውላለች። የልጇን ሳትለካ ግን ስልኳን አንስታ ለእናቶቹ ሁሉ ኮል አደረገች። በማግስቱ ቢኒ አንገቱ ላይ ነጭ ሽንኩርት ታስሮለት ትምህርት ቤት መጣ።

ወሬው ሲደርሳቸው ጋሼ መርሻ የሰፋቸውን ኮት ገለጥ አድርገው ለእናቴ አሳዩአት። «ሰው የምበላ ብሆን እንዲህ እከሳ ነበር?»

እናቴ ሳቀች። ልዩነቱን አሳምራ ታውቃለች፤ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ የተማረች ሴት ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እኔንም አስቀረችኝ። ለምን ብላት «አውቃለሁ ልጄ፤ ግን ሰው ምን ይላል?» አለችኝ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። ሶስና የሰማችው አንድ ፊደል ጎድሎ ነው። እናቴ ሙሉውን ሰምታለች።

ጋሼ መርሻ ልጅ በማይመጣበት ቤት ብዙም አልቆዩ፤ እዚሁ አገር አሌክሳንድሪያ ከተማ ሴት ልጃቸው ዘንድ ሄዱ፣ ባለፈው ዓመትም እዚያው አረፉ። ለቅሶው ላይ ያልመጣ የለም። የሕይወት ታሪካቸውን ያነበበው ሰው «የምሥራቅ ፍልስፍና ሊቅ» ብሎ አለፈው። ሶስና ከንፈሯን መጠጠች፣ «ትልቅ ሰው ነበሩ» አለች።

«የቡድሃ ሊቅ» አልኩ ከተቀመጥኩበት፣ «ሃ»ዋን አጥብቄ።

እናቴ ነጠላዬን ሳብ አደረገችው። «ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ።»

ከነገሩን ተረት ብዙውን ረስቼዋለሁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያጠኑት ትምህርት ቁጣን መተው ያስተምራል ይባላል። እውነት ይሆናል። እኔን እናቴ ያስቀረችኝ እዚያ ሳንደርስ ነው።