ሰዓት የያዘ ሰው ፊት

የሄድኩ ዕለት አመሻሽ ላይ ሀና ማርያም ዶፍ ይጥል ነበር። ባለታክሲው ጭቃውን ፈርቶ እስከ ቤታችን አልገባም አለ፤ ሻንጣዬን ታናሽ እህቴ ሰናይት ተሸክማ እስከ አስፋልቱ ሸኘችኝ። እዚያ ቆመን እየተላቀስን እንኳ ዓይኔ ወደ ውጭ አገር የሚልከኝ ደላላ ላይ ነበር። ፓስፖርቴን ለምን እሱ ይይዛል? «ለደህንነትሽ ነው እህቴ» ይለኛል። ለደህንነትሽ የሚለኝ ሰው ሲመጣ እኔ ቦርሳዬን ነው የማጠብቀው፤ ምን ላድርግ፣ አፈጣጠሬ ነው። ፓስፖርቱን ከእጁ መንትፌ ጡት ማስያዣዬ ውስጥ ወሸቅኩት።

«እትዬ፣ ሰውን ሁሉ ሌባ አታድርጊ» አለችኝ ሰናይት።

«አንቺም ሰው ሁሉ ደግ አይምሰልሽ» አልኳት። እንዲህ ተባብለን ተለያየን፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ለማታውቁን ልንገራችሁ። ሁለታችንም ልብስ ሰፊዎች ነን። ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ ካለ ፋብሪካ ውስጥ የፈረንጅ ልጆች የሚለብሱትን ሱሪ እንሰፋ ነበር። ሰናይትን ያስገባኋት እኔ ነኝ፤ ማሽን ያስተማርኳትም እኔ። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ነገርኳት፦ ሰዓት ያዡ ሲመጣ ቀስ በይ። ሰውዬው አጠገብሽ ቆሞ አንድ ኪስ በስንት ደቂቃ እንደምትሰፊ ይለካና እሱኑ በአንድ ረድፍ ለምንሰፋው፣ ለላይኑ ሁሉ፣ ታርጌት ያደርገዋል። አንቺ ለአንድ ቀን ጎበዝ ስትባዪ፣ እኛ ዓመቱን ሙሉ ሽንት ቤት መሄጃ እናጣለን። ስለዚህ እሱ ብቅ ሲል ክሩ ይበጠሳል፣ መርፌው ይጣመማል፣ ጣታችን ይደነዝዛል። ማንም ሳይጽፈው ሁላችንም የምናከብረው ሕግ ነበር።

ታዲያ ለምን ሄድሽ ትሉኝ ይሆናል። ሥራው እየቀነሰ መጣ፤ አንዳንዱን ሳምንት ማሽን ስንወለውል እንውላለን። ደላላው ደግሞ ዮርዳኖስ ያው ስፌት ነው፣ ያው ማሽን ነው፣ ደሞዙ ግን እጥፍ ነው አለኝ። አላመንኩትም፤ ግን ሄድኩ።

አማን አየር ማረፊያ የተቀበለኝ ፖሊስ ወረቀቴን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ «ማዳምሽ የት አለች?» አለኝ።

«ማዳም የለኝም፤ ፋብሪካ ነው የምሠራው።»

«ሐበሻ ሆነሽ ማዳም ሳይኖርሽ?» ብሎ ለጓደኛው አሳየኝ።

«ልብስ ነው የምሰፋው» አልኩና ሸሚዙን አየሁት፤ ኪሱ ተተርትሯል። «ይኼን የሰፋሁት ግን እኔ አይደለሁም።» ከት ብሎ ሳቀና ማኅተሙን መታልኝ።

ፋብሪካው ያለበት ከተማ፣ ኢርቢድ፣ ክረምቱ አጥንት ይሰብራል፤ የለቡ የነሐሴ ብርድ እዚህ ቢመጣ ሙቀት ነው የሚባለው። ምግቡ ሩዝ ነው፤ በማግስቱም ሩዝ ነው። ኹብዝ የሚሉት ቂጣቸው ላይ ሰናይት የላከችልኝን ሚጥሚጣ ነስንሼ እበላለሁ። የዶርማችን ኃላፊ ሴትዮ አንድ ቀን ቁምሳጥኔን ስትበረብር አገኘችውና «ይኼ ዱቄት ምንድነው? ምን ደብቀሽ ነው?» ብላ አፋጠጠችኝ። «ቅመሺው» አልኳት። በማንኪያ ቃመችው። ከዚያን ቀን ወዲህ ቁምሳጥኔ አጠገብ ደርሳ አታውቅም።

አሁን ዋናው ነገር። በዚህ ሳምንት ሱፐርቫይዘራችን በስሜ ጠርቶ ፈገግ አለልኝ። ፈገግታው አላማረኝም። አንድ የሕፃን ሱሪ ሳምፕል ሰጠኝ። የኪሱን አፍ ገለበጥ ሳደርግ ጫፉ ላይ ሁለቴ ተመልሶ የታሰረ ስፌት አየሁ። እንደዚያ የምናስረው እኛ ነን። የለቡ ሱሪ ነው።

«ይኼ ትዕዛዝ ወደዚህ ሊመጣ ይችላል» አለኝ። «አንቺ ታውቂዋለሽ፤ በስንት ደቂቃ እንደምትጨርሺው እንይ።» ሰዓቱን አወጣ።

ክው አልኩ። ሥራው እዚህ ከመጣ እዚያ አይኖርም፤ ሰናይት የምትበላው ከዚያ ሱሪ ነው። ስለዚህ ሕጋችንን አከበርኩ። ክሩን በጠስኩ። ኪሱን አጣምሜ ሰፋሁና መልሼ ፈታሁት። ሦስት ጊዜ ለካኝ፤ ሦስት ጊዜም ተጎተትኩበት። በልቤ፣ አሁን ሂድና ሌላ ፈልግ እለዋለሁ።

ሰውዬው አልተናደደም። ስልኩን አውጥቶ «ገዢዎቹ የላኩልን ነው፤ ይኼን እይ» አለኝ።

ቪዲዮ ነው። የለቡው የእኛ ላይን ነው። የእኔ ወንበር ላይ ሰናይት ተቀምጣለች፤ ሱሪውን የሚያዝዙት ፈረንጆች ከበዋታል፤ አንደኛው ሰዓት ይዟል። እጇ እንዴት ይሮጣል! ክር አይበጠስ፣ መርፌ አይጣመም። ስትጨርስ ቀና ብላ ፈገግ አለች። በፍጥነቷ ኮራሁባት፤ ወዲያው ደግሞ ማልቀስ አማረኝ።

«ከሰኞ ጀምሮ ታርጌታችን ይኼ ነው» አለ። «እሷ ከቻለች እናንተም ትችላላችሁ። እዚያ ችግሩ ሠራተኛው አይደለም፤ ጨርቁ ከወደብ ፋብሪካ እስኪደርስ ነው የሚጓተተው። እዚህ ቅርብ ነው።»

ዛሬ ዓርብ ነው፣ ዕረፍታችን፤ ደወልኩላት።

«እትዬ! ገዢዎቹ መጥተው ቀረጹኝ እኮ!»

«ሰዓት ይዘው ነበር?»

«አውቃለሁ፣ አትቆጪኝ። አለቃችን ፍጥነታችሁን ካዩ ትዕዛዙ እዚሁ ይቀራል አለን። ልጆቹ ሁሉ አንቺ ፍጠኚልን ብለው ለመኑኝ። እንዴት እንደወደዱኝ ብታዪ! አሁን ጨርቁ እስኪገባ ሁለት ሳምንት እረፉ ብለውናል።»

ጨርቁማ እዚህ እኛ ጋ ገብቷል። ትናንት ጥቅሉን ከመኪና ካወረድነው ሴቶች አንዷ እኔ ነኝ። ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ሰውን ሁሉ ስጠራጠር ኖሬ፣ ዛሬ እህቴ ልትጠራጠረው የሚገባት ሰው እኔው ሆኜ ቁጭ አልኩ።

«አንቺስ እትዬ፣ ሰሞኑን ምን እየሰፋሽ ነው?»

«ሸሚዝ» አልኳት።

«እሰይ! ሱሪውን ለእኛ ተዪልን» ብላ ሳቀች።