አሥራ አንድ ጨረር ያላት ፀሐይ

አዋጅ! ሹማምንት፣ ጄኔራሎች፣ የድርጅት ሊቃነ መናብርት፣ ለጊዜው ዘወር በሉልን። የዛሬው ታሪክ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ቀን ለመጻፍ ወንበር ላይ የምትወጣ የአንዲት ረዳት መምህርት ታሪክ ነው። የግዛቷ ስፋት አንድ የመዋዕለ ሕፃናት ክፍል፣ ሕዝቧ ሠላሳ፣ ግምጃ ቤቷ ስብርባሪ ክሬዮን የሞላ የዱቄት ወተት ጣሳ ነው። በዚህ ዙፋን ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆይታለች። ተቀምጣ ግን አታውቅም።

ትንኝ ይሏታል። «አረፍ በይ» ሲሏት «እሺ» ትላለች፣ እየሄደች። ሻይዋ በሦስት ቦታ ይቀዘቅዛል። አብራት የምትኖረው ታላቅ እህቷ «አንቺ ልጅ፣ ቂጥሽን በመርፌ የሚወጋሽ ማነው?» እያለች ሰለቻት። ፀሐይ ስትስል እንኳ አሥራ አንደኛው ጨረር ላይ ትዕግሥቷ ያልቅና አሥራ ሁለተኛውን ትታው ትነሳለች። ይቺን ነገር ያዙልኝ።

ክሬዮን ላይ ግን ቀልድ የለም። ልጅ ክሬዮን ሰብሮ ሲያለቅስ «እሰይ! አንድ ነበረህ፣ ሁለት ሆነልህ» ትለዋለች። ስብርባሪውን ለቃቅማ፣ የፈላ ውኃ ላይ በቆርቆሮ አቅልጣ፣ በረዶ መሥሪያ ውስጥ ታፈሰዋለች፤ ሲደርቅ ለትንሽ መዳፍ የሚመች ባለ አምስት ቀለም ድንጋይ ይወጣዋል። ደግሞ ወረቀቱን በደማቅ ቀለም ሞልተው፣ ላዩን በጥቁር ደፍነው፣ ጭንቅላቱ በተሰበረ የክብሪት እንጨት ሲፍቁት ቀለሙ ከሥር ብቅ ይላል። ልጆቹ በዚህ አብደዋል። ስለዚህ የሽርጧ ኪስ ሁልጊዜ ክብሪት አያጣም፣ ሲጋራ ታጨሳለች ብለው ያሟታል።

አሁን ወደ ክብርት ዳይሬክተራችን። እሳቸው አንድ ነገር ብቻ ነው የሚፈሩት፦ ወላጅ። በዓመት አንዴ የወላጆች ቀን ይመጣል፣ ሥዕል ይሰቀላል። በየትኛውም መመሪያ ያልተጻፈ ሥራም አለ፣ «ማስተካከል» ይባላል። ልጆቹ ከምሳ በኋላ ሲተኙ ረዳቷ የሞነጫጨሩትን አንድ በአንድ ትጠግናለች። የተንጋደደው ቤት ይቃናል፣ ሰባት እግር ያላት ላም ሦስቱን ትቀነሳለች፣ ቀኝ ጥግ ላይ ፀሐይ ትወጣለች። ወላጅም «ውይ የኔ ልጅ፣ ሠዓሊ!» ብሎ እንባውን ይጠርጋል። ለማን እንዳለቀሰ አያውቅም።

ዘንድሮ ዳይሬክተሯ ጠሯት። «የታናናሾቹ ክፍል መምህርት እየለቀቀች ነው» አሏት። «ቀኑ ካማረልን ክፍሉ ያንቺ ነው። ዋና መምህርት።»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠበቀችው ቃል ነው። ያን ቀን ግቢውን አራት ጊዜ ዞረችው።

የዘንድሮው ሥራ ቅጠል ነበር። ጅማቱ ወደ ላይ ሆኖ ቅጠሉ ከወረቀቱ ሥር ይቀመጣል፣ ክሬዮኑ የወረቀት ልብሱን አውልቆ በጎኑ ይተኛል፣ ቀስ እየተባለ ይታሻል። ሃያ ዘጠኙ ቅጠል አሹ። ጉጉት የሚሏት ዓይነ ትልቅ ልጅ ግን ከቦርሳዋ የጎማ ሶል አወጣች። አባቷ ጫማ ሰፊ ነው።

«እትዬ፣ ቅጠል እኮ ሁሉም አለው» አለች።

በቡኒ አሸችው። ሽንትሩ፣ የምስማሩ ነጥብ፣ መሐል ላይ ያለችው ኮከብ ሳትቀር ወጣች። ትንኝ ከሠላሳው የሚበልጠው የቱ እንደሆነ ገባት። ዳይሬክተሯም ደረሱ።

«ይሄ ምንድነው? ማን ረገጠበት?»

«የጫማ ሶል ነው፣ እሷ ራሷ ናት...»

«ወላጅ ጫማ ሊያይ ነው የሚመጣው? አስተካክዪው!»

ልጆቹ ሲተኙ ወረቀቱን አነሳች፣ አስቀመጠች፣ መስኮት ከፈተች፣ ዘጋች፣ ደግሞ አነሳች። በመጨረሻ በወፍራም አረንጓዴ ሶሉን ደፍና ቅጠል አደረገችው። ጥግ ላይም ፀሐይ፣ አሥራ አንድ ጨረር።

በወላጆች ቀን የጉጉት አባት ጣቱ ላይ ማስቲሽ ደርቆ፣ ኮቱን ቆልፎ መጣ። «ሶልህን ሣልኩት እያለች ሳምንት ሙሉ ጆሮዬን በልታዋለች። የታለ?»

ልጅቷ ግድግዳውን አየች። «የኔ የለም።»

«ስምሽ እዚህ ተጽፎ የለ?»

«ስሜ ነው። ሥዕሉ የኔ አይደለም!» ድምጿ እስከ በሩ ተሰማ።

ዳይሬክተሯ ሳቁ። «ሕፃናት ይረሳሉ፣ ጌታዬ።» ወደ ረዳቷ ዞሩ። «አይደል እንዴ? ንገሪያቸው እንጂ!»

በትንኝና በዚያ ክፍል መካከል የቀረችው አንዲት «አዎ» ነበረች። ሰው ሁሉ አያት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብላ ቆመች። ቀጥሎ እጇ ኪሷ ገባ።

«እኔ ነኝ የደፈንኩብሽ» አለች፣ ክብሪቱን ሰብራ እየሰጠቻት። «ከሥር አለ። ፋቂው።»

ጉጉት ፋቀች። አረንጓዴው እየተቀረፈ ሲረግፍ መጀመሪያ ሽንትሩ፣ ኋላም ኮከቧ ብቅ አለች። ጫማ ሰፊው ጎንበስ ብሎ «የኔው ነው!» አለ፤ እንደዚያ ሲስቅ ማንም አይቶት አያውቅም።

«እትዬ፣ የኔም ከሥር አለ?» አለ አንዱ። ከዚያማ ማን ይያዘው! ሠላሳ ልጅ ግድግዳው ላይ ወጣ፤ በክብሪት፣ በጥፍር፣ በፀጉር ማስያዣ። የሰም ፍርፋሪ በተተኮሰ ኮት ላይ ዘነበ። አንዲት እናት መሐል ላይ ጮኸች፦ «ቆይ፣ ሳሎኔ ውስጥ አራት ዓመት የሰቀልኩት የማን ነው ታዲያ?»

ክፍሉ ለዳይሬክተሯ ባል የእህት ልጅ ተሰጠ። እሷ መቀመጥ ታውቅበታለች። ትንኝ ዛሬም ረዳት ናት። ማስተካከል ቀርቷል፤ ሕሊና መጥቶ እንዳይመስላችሁ፣ ወላጅ አሁን ክብሪት ይዞ ስለሚመጣ ነው።

ትንኝ ግን ብሶባታል። ሠላሳ በአሥራ ዘጠኝ ስንት ነው? ያን ሁሉ የደፈነችውን ፍለጋ የሰው ግድግዳ እያየች ትዞራለች። ባለፈው ጥርሷን ልታሳክም ሄዳ፣ ከሐኪሙ ራስ በላይ ጀልባ ከነፀሐይዋ አየች። አፏ እንደተከፈተ ተነስታ ጀልባዋን መፋቅ ስትጀምር ገፍትረው አስወጧት። ጥርሱ ዛሬም ያማታል።

እንግዲህ እርስዎ፣ ይህን የሚያነቡት። ቀና ይበሉና ግድግዳዎን ይዩ። የልጅ ሥዕል አለ? ቀኝ ጥግ ላይ ፀሐይ አለች? ጨረሯን ይቁጠሩ። አሥራ ሁለት ከሆነ ሰላም ይሁኑ። አሥራ አንድ ከሆነ ግን የክብሪት እንጨት ያንሱ፣ ጭንቅላቱን ይስበሩ፣ የሣለውንም ልጅ፣ ጢም አብቅሎም ቢሆን፣ ይጥሩትና እንጨቱን ይስጡት፣ እባክዎ...