ስምንቱ ቀይ ነጥቦች

አባቴ ከሠራቸው የእንጨት ሳህኖች ውስጥ ቤቴ የቀረው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የተበላሸው። ደህና ደህናዎቹን “ውሰዱ፣ ውሰዱ” እያልኩ ለሰው አድያቸዋለሁ። ይኼን የጠየቀኝን ግን ተቆጥቼ ነው የመለስኩት። በሩ አጠገብ ካለች ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ከሥራ ስገባ የመኪና ቁልፌን እጥልበታለሁ። ከንፈሩ ዙሪያ በመሮ የተቦረቦሩ ስምንት ቅርጾች አሉት። እኩል ተራርቀው መቀመጥ ነበረባቸው፤ የመጨረሻው ግን የመጀመሪያው ላይ ወጥቶበታል።

አባቴ አዲስ አበባ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ የአልጋና የወንበር እግር በቶርኖ፣ እንጨት እያሽከረከረ በሚያስቀርጸው ማሽን፣ ሲያወጣ የኖረ ሰው ነው። የአሜሪካ ወረቀቱ አልቆለት ቴክሳስ፣ ሜስኪት ከተማ እኔ ዘንድ ሲመጣ ሰባ አልፎት ነበር። “በቃ እንግዲህ ዕረፍ” ስለው ኮርፎ ሳምንት አላናገረኝም። ቢጨንቀኝ ጎረቤት ከተማ ሮውሌት ውስጥ ቤታቸውን ሸጠው ሊሄዱ ከነበሩ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ አሮጌ የእንጨት ቶርኖ ገዛሁለት። ጋራዡ የሱ ሆነ፤ መኪናዬን ደጅ ፓርክ ማድረግ ጀመርኩ። የቴክሳስ በረዶ መኪና ላይ ሲወርድ ያያችሁ፣ አባቴን ምን ያህል እንደምወደው ከዚህ ይገባችኋል።

ሳህኑን ካወጣ በኋላ ከንፈሩን በቅርጽ ማስጌጥ ይወድ ነበር። ክቡን እኩል ለመክፈል ወረቀት ይጠመጥምበታል፤ ልክ ላይ ቆርጦ አንዴ ያጥፈዋል፣ ደግሞ ያጥፈዋል፣ ሦስተኛ ያጥፈዋል። ሲፈታው ስምንት እኩል ቦታ ነው። በዚያ ዘዴ ሲሠራ አንድም ቀን ሲሳሳት አላየሁትም።

ከዚያ መሳሳት ጀመረ። ወረቀቱን ስንቴ እንዳጠፈ ይጠፋዋል፤ እንደገና ይጀምራል፤ ይናደድና ወረቀቱን ቀዳዶ ይጥላል። ሐኪሙ ጋ ወሰድኩት። “መርሳት ጀምሯቸዋል፤ ብቻቸውን ማሽን ባይነኩ” አለኝ። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ፣ ሌዊስቪል ከተማ ዌርሃውስ፣ ዕቃ መጋዘን ውስጥ ነኝ፤ ማን ቆሞ ይጠብቀዋል? ቶርኖውን ልሽጠው ብዬ ባነሳበት፣ “እሱን ከምትሸጪ እኔን ሽጪኝ” አለ። ቀልዱን አልነበረም።

ሶ፣ ብልህ ነኝ ብዬ ውል አመጣሁ። “ኦኬ፣ በየሁለት ሳምንቱ ስምንት ቅርጽ ያለው አንድ ሳህን ታሳየኛለህ። እኩል ከሆኑ ቶርኖው ይቆያል። ካልሆኑ ሶኬቱን ነቅዬ እሸጠዋለሁ።”

“ተስማምቻለሁ” አለና እጄን ጨበጠኝ።

የመጀመሪያውን ሳህን ሲያመጣልኝ እንደ ጥብቅ አስተማሪ ክር ይዤ ለካሁ። እኩል ነው። ሁለተኛው መጣ፤ ንቅንቅ የለም። ሦስተኛውም እንደዚያው። ደስ ሊለኝ ሲገባ ጠረጠርኩ፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ አይደል የሚባለው? አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ድምፅ ሳላሰማ ጋራዥ ገባሁ።

ጉድ ነው ያየሁት! ከቶርኖው ኋላ፣ እንጨቱን የሚያሽከረክረው ዘንግ ላይ፣ የቤተ ክርስቲያናችን የጌታ እራት ትሪ በብሎን ታስሯል። ትንንሾቹ ጽዋዎች የሚሰኩበት፣ ዙሪያውን ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ያ የአሉሚኒየም ትሪ! በውጪው ዙር ሃያ አራት ቀዳዳ አለው። አባቴ ከጎኑ አንድ ሾጣጣ የእንጨት ውታፍ አዘጋጅቷል። ሞተሩን ያጠፋል፤ ውታፉን ቀዳዳው ውስጥ ሲሰካው ትሪውም ሳህኑም ቀጥ ይላሉ። አንዱን ቅርጽ በመሮ ያወጣል፤ ውታፉን ነቅሎ፣ ትሪውን በእጁ አዙሮ፣ ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ ይሰካል። በየሦስቱ ሲሄድ ሃያ አራቱ ስምንት ይሆናል። መቁጠር እንዳያስፈልገው ደግሞ በየሦስተኛው ቀዳዳ አጠገብ ቀይ ነጥብ አለ። ነጥቦቹ የተቀቡት ስፈልገው በከረምኩት የጥፍር ቀለሜ ነው።

“አባዬ! ይኼ የጌታ እራት ትሪ አይደለም እንዴ?”

“ነበር” አለኝ፣ ቀና እንኳ ሳይል። “ታሽጎ የሚመጣውን ጽዋ ካመጡ ወዲህ አቧራ ሲጠጣ ከረመ። ሊጥሉት ሲሉ አነሳሁት። ከቆሻሻ መጣያ እኔ አልሻልም?”

“እሱስ ይሁን፤ ያጭበረበርከኝስ? እኔ ቆጥረህ የምትሠራ መስሎኝ!”

“ውላችን እኩል ይሁን ነው። ቁጠር ያልሽው የታለ?” አሁን ቀና አለ። “አንቺስ፣ ሌዊስቪል ስትመላለሺ ስንት ዓመትሽ ነው?”

“ስድስት።”

“ያቺ ስልክሽ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ‘ወደ ግራ ታጠፊ’ ሳትልሽ ደርሰሽ ታውቂያለሽ?”

ሳቄ አመለጠኝ። ነገሩም እውነት ነው። ውሉ ቀጠለ፤ ወራቱን ሙሉ ሳህኖቹ እኩል እኩል ሆነው መጡ። በሕይወቴ እንደዚያ ወራት ደስ ብሎኝ ከሥራ የተመለስኩበት ጊዜ የለም። በሩን ስከፍት የእንጨት ፍቅፋቂ ይሸተኛል፤ እሱ ጋራዥ ሆኖ መዝሙር ያንጎራጉራል፤ “መጣሽ?” ይለኛል።

ከዚያ የቤት ኅብረት ተራ ደረሰኝ። ረቡዕ ረቡዕ ምእመናኑ በየቤቱ እየተዘዋወርን እንጸልያለን፤ ቤቴ ስለማይበቃ ምግቡ የሚቀርበው ጋራዥ ነው። ያን ቀን ፈቃድ ወስጄ ስጠርግ ዋልኩ። ወንበር ሳስገባ ዓይኔ ትሪው ላይ አረፈ። ወይኔ ጉዴ! የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች መጥተው የጌታን ትሪ በጥፍር ቀለም ተዥጎርጉሮ ሊያዩት ነው። ልፈታው ብል ብሎኑ እምቢ አለኝ። አባቴ ተኝቷል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያዬን አምጥቼ ነጥቦቹን አንድ በአንድ አጠፋኋቸው፤ ትሪውን በአሮጌ ጨርቅ እስኪያብለጨልጭ ወልውዬ ከነቶርኖው አንሶላ አለበስኩት። እንግዶቹ በሉ፣ ጸለዩ፣ ሄዱ። ወደዚያ ዞር ብሎ ያየ አንድ ሰው የለም።

በማግስቱ ከሥራ ስገባ መዝሙር የለም። አባቴ ማዕድ ቤት ተቀምጧል። ፊት ለፊቱ ጠረጴዛው ላይ ያ የተበላሸው ሳህን አለ፤ ሳህኑ ውስጥ ከሞተሩ የተነቀለው የቶርኖው የኤሌክትሪክ ገመድ በሥርዓት ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

“ክር አያስፈልግሽም” አለኝ። “ውል ውል ነው። ሽጪው።”

እውነቱን ልናገር፣ ግማሽ ልቤ እፎይ ብሏል። ከእንግዲህ ጣቱን ይቆርጠው ይሆን እያልኩ ዌርሃውስ ውስጥ ሆኜ አልሳቀቅም። “አይዞህ አባዬ” ብዬ ትከሻውን ነካሁትና ራት ልሠራ ዞርኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ለሽያጭ ፎቶ ላነሳ ጋራዥ ገባሁ። አንሶላው መሬት ወድቋል። ትሪው ራቁቱን ነው፤ አንድም ቀይ ነገር የለበትም። የቆሻሻ ቅርጫቱ ውስጥ ደግሞ የወለወልኩበት ጨርቅ ቀልቶ ተቀምጧል። የሰውዬውን ምልክት አጥፍቼ፣ ጠፋብህ ብዬ ልሸጥበት ነው እኮ!

ሮጬ ሄድኩ። “አባዬ፣ ነጥቦቹን ያጠፋኋቸው እኔ ነኝ። ረቡዕ፣ ሰው ሊመጣ ሲል።”

“አውቃለሁ።”

“ታዲያ ምነው ዝም አልክ? ጥፋቱ የኔ ነው እኮ! አንተ ምን አጠፋህ?”

እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ጣቶቹን ያያቸዋል።

“ቀለሙንማ አንቺ አጠፋሽው” አለ። “ግን እኮ፣ ልጄ፣ እስከ ሦስት መቁጠር ነበር። አንድ፣ ሁለት... እስከ ሦስት። አቃተኝ።”

አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ። ለገዛ አባቴ ፈተና ከማውጣት ቅዳሜ ቅዳሜ አጠገቡ ቆሜ ብቆጥርለት ምን ነበር? አንድም ቀን አላሰብኩትም።

ገመዱን ከሳህኑ አውጥቼ እጁን ይዤ ጋራዥ ወሰድኩት። ሶኬቱን ራሴ ሰካሁ። አዲስ የጥፍር ቀለም አምጥቼ ነጥቦቹን መልሼ ልቀባ ስጎነበስ እጄን ያዘኝ።

“ተዪው” አለኝ፣ መሮውን እያነሳ። “አንቺ አለሽ አይደል? ቁጠሪልኝ።”