የሞተሩ ግራጫ ቆዳ

«ቆዳውን ገፍፈህ አሳመርሁ አትበለኝ!»

በባሕር ዳር የጀልባ ጋራዥ አብሮን ሠርቶ ይህን የአጎቴን ቃል ያልሰማ የለም። ቆዳ የሚሉት ፋብሪካው የማግኒዚየም ቅይጥ የሆነውን የሞተር ሽፋን ያለበሰውን ግራጫ ኦክሳይድ ነበር። ቅይጡ ክብደቱ ቀላል ነው፤ ያ ስስ ልባስ ከተነሣበት ግን ውኃ ይበላዋል። ስለዚህ አጎቴ ሽፋኑን በደረቅ ጨርቅ ሳያብሱ ከሥራ አይወጡም ነበር።

አንድ ዓመት ለአብዮት በዓል ሞተሮቹ ሁሉ እንዲያብረቀርቁ ታዘዘ። ካድሬው ብርጭቆ ወረቀት አደለን። አጎቴ ግን እጃቸውን ሞተራቸው ላይ ጭነው ቆሙ።

«አብዮቱን በዝገት ልትቀበለው ነው?» አላቸው።

«ይህ ዝገት አይደለም፣ ልብሱ ነው። ለሰልፍ ብዬ አላራቁተውም» አሉት።

በስብሰባ ጥፋትህን እመን ሲባሉም ያንኑ ደገሙት። ከኃላፊነታቸው አውርደው መጥረጊያ አስያዟቸው። በቀጣዩ ክረምት የተፋቁት ሽፋኖች ነጭ ዱቄት አውጥተው ተበሳሱ። ሳይፋቅ የቀረው የሳቸው ሞተር ዛሬም ጣናን ያቋርጣል፤ ይቅርታ የጠየቃቸው ግን የለም።

ዘንድሮ አርባቸው ሳይወጣ ያው በዓል ደረሰ፣ ያው ትእዛዝም መጣ። ከሞተሩ አጠገብ እሳቸው ይቆሙበት የነበረው ቦታ ባዶ ነው። ጨርቃቸው ሚስማሩ ላይ እንደተንጠለጠለ አለ። አወረድሁትና እዚያው ቦታ ላይ ቆምሁ።

«አንቺ ደግሞ የሽማግሌው ምኑ ነሽ?» አለኝ ካድሬው።

«የእኅታቸው ልጅ ነኝ» አልሁት። «አትነካውም!»