ሳኔቲ ላይ የተከፈተ መስኮት

ከጎባ ወደ ሪራ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከአጠገቤ መስኮት ጥግ የተቀመጠች ልጅ ዓይኗን ጨፍና ሎሚ ታሸታለች። ሽታው ወደ አሥራ ሁለት ዓመቴ መለሰኝ።

መንገዱ ያው ይህ ነበር፤ ከአያቴ ጋር ነበርኩ። መኪና ላይ ያጥወለውለኝ ነበር፤ ያን ቀን ሎሚውም አልረዳኝም። ብርዳሙ የሳኔቲ አምባ አናት ላይ ስንደርስ መስኮቱን ከፈትኩት። እኛ አገር ሰው ከገደል ይልቅ የመስኮት ነፋስ ይፈራል።

«ዝጊው! ብርድ ሊመታን ነው!» አለ ከኋላችን የተቀመጠ ሰውዬ፤ እጁን ዘርግቶም ዘጋው። መልሼ ከፈትኩት። ደግሞ ዘጋው። ለሦስተኛ ጊዜ ስከፍተው አያቴ ጋቢያቸውን አውልቀው ሰውየው ጭን ላይ ጣሉለት።

«ለብርዱ ይኸው ጋቢ። ለልጅቷ ሆድ አንተ ምን አለህ?»

ሰውየው አፍሮ ጋቢውን ቢመልስላቸውም አልተቀበሉትም። በሸሚዝ ብቻ ጥርሳቸው ይንገጫገጭ ጀመር።

«አባባ፣ ልዝጋው?»

«እንዳትነኪው!»

ሳምንቱን ሙሉ ሲያስሉ ሰነበቱ፤ ሳሉ ከምን እንደያዛቸው ግን አንድም ቀን አላነሱም።

አሁን እጄን ዘርግቼ የባለ ሎሚዋን ልጅ መስኮት ከፈትኩላት።

«ኧረ ዝጊው፣ ብርድ ነው!» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ።

ሻርፔን ከአንገቴ መፍታት ጀመርኩ።