የጎረቤቴ ቅባትና የደረቴ መስመር

የጡቴ እጢ በቀዶ ጥገና ከወጣ በኋላ ሐኪሙ ጨረር አዘዘልኝ። ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ በየቀኑ፣ ለሳምንታት። ጨረሩ ራሱ አያምም፤ ተጋድሞ ጣሪያ ማየት ነው። ጣጣው ቆዳው ነው፤ ይጠቁራል፣ ያቃጥላል፣ ይላጣል።

"ክፉኛ ከቆሰለ ሕክምናውን ለማቋረጥ እንገደዳለን" አለኝ ሐኪሙ።

እኔ ደግሞ ማቋረጥ አልወድም። በሕይወቴ ያቋረጥኩት ትምህርቴን ብቻ ነው፣ እሱንም አራተኛ ክፍል ላይ ሳልወድ።

ጭንቀቴን ለጎረቤቴ አወራኋት። የወሎ ሰው ናት፤ ሃያ ሁለት አካባቢ ቅመም ትሸጣለች። ከእናቷ የወረሰችውን የቃጠሎ ቅባት ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ምን እንደገባበት ግን ማንም አያውቅም፤ መድኃኒት ከተነገረ አይሠራም ይባላላ። በማግሥቱ በትንሽ ብልቃጥ ይዛልኝ ከች አለች።

"ምንድን ነው ያለበት?"

"ተቀቢ እንጂ አትመርምሪ። አብሽሪ፣ ወላሂ ያቀዘቅዝሻል!"

እውነትም አቀዘቀዘኝ። ስለተመቸኝ ደጋግሜ አሸሁት። ሆስፒታል ደረቴ ላይ በቀለም ያሰመሩብኝ መስመሮች ነበሩ። ከቅባቱ ጋር ሲለቁ፣ እሰይ፣ ይሄ እድፍ ለቀቀልኝ ብዬ በፎጣ ጠራረግኳቸው።

ጠዋት ልብሴን ስገልጥ የጨረር ክፍሉ ባለሙያ ጮኸች።

"ማዘር! መስመሩን የት አደረሱት?"

"ጠረግኩት።"

"እሱ እኮ ጨረሩ የሚያርፍበትን ቦታ ነው የሚያሳየን!"

የዚያን ቀን ጨረር ቀረብኝ፤ እንደ አዲስ ተለክቼ ተሰመርኩ። ሐኪሙ ከቦርሳዬ ያወጣሁለትን ብልቃጥ አሽትቶ ምን እንዳለበት ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። "አይ የባህል መድኃኒት..." ብሎ ፊቱን አጨማደደ።

"ፊትህን አታጨማድድብኝ፣ ልጄ! መስመሩ ለምን እንደሆነ አንተ አልነገርከኝ፤ ቅባቱ ውስጥ ምን እንዳለ እሷ አልነገረችኝ። ጥፋቱ የሁለታችሁም ነው።"

ሳቀ። "ልክ ነዎት፣ እናቴ። ግን ምን እንዳለበት ሳናውቅ ይጥቀም ይጉዳ በምን እናውቃለን? እሷን ይጠይቁልኝ።"

ጠየቅኳት፤ እምቢ አለች። ለእኔ ካልነገርሽ ለእሱ ንገሪው ብዬ ሱቋን አዘግቼ ወሰድኳት። ታክሲ ውስጥ ሙሉ መንገድ ስታጉረመርም ሄደች። እዚያ ስንደርስ ግን ወደ ሐኪሙ ጆሮ ጠጋ ብላ ሹክ አለችው።

"እሬቱና ማሩ እንኳ..." ብሎ ሲጀምር፣

"ኧረ ዝም በል፣ አንተ ልጅ!" አለችው፣ ወደኔ እያየች።

"እሺ። አንዱን ቅጠል ግን አላውቀውም። የማላውቀውን ደግሞ ጨረር በሚያርፍበት ቆዳ ላይ አልፈቅድም። ሕክምናው እስኪያልቅ ይቅር።"

"እኔስ? ለእኔ አይነገረኝም?" አልኩ።

"ለበሽተኛ አይነገርም" አለች ኮስተር ብላ።

"ቆዳው የእኔ፣ ምስጢሩ የእናንተ?"

ሐኪሙ የክሬም ማዘዣ ጽፎ ሰጠኝ።

ከዚያ በኋላ ቅባቱን አልነካሁም። ሐኪሙ ባዘዘልኝ ክሬም ብቻ፣ ሰፋ ያለ የጥጥ ቀሚስ ለብሼ፣ ብብቴን ከፈት አድርጌ እንደ ዶሮ እየተራመድኩ ቀኑን ገፋሁት። ሲያሳክከኝ ለማከክ እጄን ሰድጄ ስንቴ መለስኩት! ከጡቴ ሥር ተላጠ፣ ጠቆረ። በመጨረሻው ቀን ሐኪሙ አገላብጦ አየና "አልቆሰለም። ጨርሰዋል፣ እናቴ" አለኝ።

ከሆስፒታሉ በቀጥታ ሃያ ሁለት ወረድኩ። ጎረቤቴ በርበሬ ትመዝናለች።

"ጨረስኩ! ከእንግዲህ በሽተኛ አይደለሁም። ንገሪኝ።"

አየችኝ፤ እንደገና አየችኝ። ሕጉ የራሷ ነው፤ ማምለጫ አጣች። ገዢዋን ሸኝታ "ጎንበስ በይ" አለችና በጆሮዬ ነገረችኝ። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፣ ቃል አስገብታኛለች። በየአጥሩ ሥር ስረግጠው የኖርኩት ቅጠል ነው።

"ይኸው ነው እንዴ?"

"ይኸው ነው። በይ እንግዲህ ዳግም እንዳትታመሚ፤ አውቀሽዋልና ከዛሬ ጀምሮ ላንቺ አይሠራም!"